ወንዝን ለሚጠብቅ ገበሬ ምን ይከፈለዋል?

(በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የዛሬው ርእሳችን ውኃ ነው። ስለ ዉዱእ አፈጻጸም ግን አይደለም። ዉዱእ የምናደርግበት ውኃ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ለጠባቂውስ ምን እንደሚገባው እንነጋገራለን።

ኢሉባቦር ውኃ የተነፈገች ምድር አይደለችም። በአብዛኛው የአካባቢያችን ክፍል በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። ሶር መቱን አልፎ ከገባ ጋር ይገናኛል። ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮም ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። ሆኖም በኡካም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዩ፣ ልጇን ጀሪካን አስይዛ ወደ ምንጭ የምትልክ እናት የዝናቡ ብዛት ብቻውን እንደማያጠግብ ታውቃለች። በበጋ የሚቀጥን ምንጭ አለ። በክረምት እንደ ሸክላ ጭቃ የሚደፈርስ ወንዝ አለ። በቡና ለቀማ ወራት ከብት እንኳ አሽትቶ የሚመለስበት ጅረት አለ።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ በብዙ አገሮች የተሞከረ አንድ መንገድ አለ። ከላይ ሆኖ ወንዙንና ምንጩን የሚጠብቀውን ገበሬ፣ ከታች ሆነው ውኃውን የሚጠጡት ሰዎች ዋጋ ይከፍሉታል። ይህ ሐሳብ በእኛ መካከል ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ውኃ የአላህ ጸጋ ነው፤ እንዴት ለጥበቃው ገንዘብ ይጠየቃል?» ይላል። ሌላው «ማሳዬን ትቼ የምሰጣችሁ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ዛሬ ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

ጨፌው የሚሠራው ሥራ

በአካባቢያችን በየሸለቆው ወገብ ያለውን ጨፌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤት ይከደንበታል፣ ለእንግዳ ይጎዘጎዛል፣ ለከብት ይታጨዳል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን ጨፌው የውኃ ጎተራ መሆኑ ነው። በክረምት የወረደውን ዝናብ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ምንጩና ወደ ጅረቱ ይለቀዋል። ከላይ ታጥቦ የሚመጣውን አፈርም አጣርቶ ያስቀራል።

ገበሬው ጨፌውን በቦይ አጠንፍፎ በቆሎ የሚዘራው በስንፍና ወይም በክፋት አይደለም። የጨፌ በቆሎ በበጋ ተዘርቶ የደጋው ሰብል ሳይደርስ በክረምቱ ረሃብ ወራት ይደርሳል። ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ለልጆች የሚደርስ እሸት ነው። በደርግ ዘመን የምግብ እጥረትን ለመቋቋም በሚል ጨፌ እንዲጠነፈፍ ከላይ ግፊት ይደረግ ነበር። ከዚያም ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምርና መሬት ሲጠብ ቦዩ እየበዛ ሄደ።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 የእንግሊዙ ሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የኢሉባቦርን ጨፌዎች አጥንቷል። ጥናቱ ለገበሬው ክብር የሚሰጥ ነበር። ጨፌ በሙሉ ሲጠነፈፍ፣ ዓመት ከዓመት ያለ ዕረፍት ሲታረስና ከብት ሲለቀቅበት የመሬቱ ውኃ ወደ ታች ይሸሻል፤ ምንጩም ይደክማል። ነገር ግን አባቶች ያወቁበት ሌላ አያያዝ አለ። የጨፌውን ራስና መውጫ ሳይነኩ ይተዋሉ። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩን ይደፍናሉ፤ ውኃው ተመልሶ እንዲተኛ ያደርጋሉ። እንዲህ የተያዘ ጨፌ ያገግማል። ይህን የሚያስተባብረው ሰው በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ «አባ ለጋ» ይባላል፤ ለጋ ማለት ወንዝ ነው። ማን መቼ ቦይ ይከፍታል፣ ማን ይደፍናል፣ የማን ውኃ በማን ማሳ ያልፋል የሚለውን ጎረቤቶቹን ይዞ ያስማማል። እንግዲህ ወንዝን በስምምነት መጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ከጨፌው ሌላ የወንዙ ዳር አለ። ሣርና ዛፍ ያለበት የወንዝ ዳር አፈሩን ይይዛል። እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ ሲታረስ ግን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የማሳውን ለም አፈር ይዞት ይሄዳል። ገበሬው ምርቱን፣ ቀጂዋ ንጹሕ ውኃዋን፣ ሁለቱም ያጣሉ። እሸት ቡና የሚፈለፈልበትና የሚታጠብበት ጣቢያ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጣፋጩ የቡና ልጣጭና እጣቢው ወደ ጅረት ሲለቀቅ በውኃው ውስጥ ይቦካል፤ ዓሣውና ሌላው ሕይወት ያለው ሁሉ የሚተነፍሰውን አየር ይጨርስበታል። ሽታው የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ከላይ ያለና ከታች ያለ

ውድ አድማጮች፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሁኔታ የሚገልጽ ምሳሌ ነግረውናል። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ቡኻሪ ዘግበውታል። ሰዎች በአንድ መርከብ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ከፊሉ ከላይ፣ ከፊሉ ከታች ደረሳቸው። የታችኞቹ ውኃ በፈለጉ ቁጥር በላይኞቹ መካከል ማለፍ ነበረባቸው። ታዲያ ላይኞቹን ላለማስቸገር ብለው በራሳቸው ድርሻ ቀዳዳ ለመክፈት አሰቡ። ሌሎቹ «ድርሻቸው ነው፤ የፈለጉትን ያድርጉ» ብለው ቢተዉአቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ መርከቡን መብሳት የፈለጉት ሰዎች የቸገራቸው ነገር ነበር። የቸገራቸውም ውኃ ነበር። ስለዚህ እጃቸውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ችግራቸውንም ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው በዙበይር (ረ.ዐ.) እና በአንድ የመዲና ሰው መካከል በመስኖ ውኃ የተነሳው ክርክር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከላይ ያለው ዙበይር ማሳውን አጠጥቶ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ከዚህ ዑለማዎች ሁለት ነገር ወስደዋል። የላይኛው ቅድሚያ መብት አለው። መብቱ ግን ወሰን አለው፤ የታችኛውን ማስቀረት አይችልም።

ወንዝን ስለማቆሸሽ ደግሞ ሸሪዓው አላለሳለሰም። በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያስከትል ሥራ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትም ተከልክሏል። ፉቀሃዎችም ለጉድጓድ፣ ለምንጭና ለወንዝ «ሐሪም» የሚባል ክልል ወስነዋል። ሐሪም ማለት ውኃው እንዳይጎዳ በዙሪያው ሳይነካ የሚቀር መሬት ነው። ዛሬ ባለሙያዎች «የወንዝ ዳር መከለያ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ክፍያው የሚገባበትና የማይገባበት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ለገበሬው መክፈል ይፈቀዳል ወይ? መልሱ «ለምኑ ነው የምትከፍለው?» በሚለው ላይ ይቆማል። ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርብናል።

አንደኛው፣ ሌላውን መጉዳትን ማቆም ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ወደ ጅረት የሚለቅ፣ የቡና እጣቢውን ሳያጠራቅም የሚያፈስ፣ የመርጨያ ዕቃውን በምንጭ ውስጥ የሚያጥብ ሰው ይህን ማቆም ግዴታው ነው። መጉዳትም በጉዳት መበቀልም እንደማይፈቀድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደንግገዋል። «ክፈሉኝና አልበክልም» ብሎ ገንዘብ መቀበል ያለ አግባብ የሰው ገንዘብ መብላት ነው። እንዲህ ያለውን ማስተካከል የሕግና የአስተዳደር ሥራ ነው፤ የጀመዓው ድርሻ መምከርና መመስከር ነው። አቅም የሌለውን ጎረቤት ግን ጉድጓድ በመቆፈር ማገዝ ሶደቃ ነው።

ሁለተኛው፣ ገበሬው የተፈቀደለትን ጥቅም ለሌላው ብሎ ሲተው ወይም የማይገደድበትን ሥራ ሲሠራ ነው። ሊያርሰው ከሚችለው ማሳ ዳር ላይ አሥር እርምጃ ይተዋል። ጨፌውን አንድ ዓመት ያሳርፋል። ምንጩን ያጥራል፣ ሣርና አገር በቀል ዛፍ ይተክላል፣ ከብቱን ከወንዙ አውጥቶ ሣር አጭዶ በቤቱ ያበላል። እዚህ ላይ ዋጋ መክፈል የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ፍትሕም ነው። ውኃ አልተሸጠም። የተከፈለው ለድካሙና ለቀረበት ሰብል ነው።

በፊቅህ ይህን የሚሸከሙ ውሎች አሉ። አንዱ የቅጥር ውል (ኢጃራ) ነው፤ ሥራውና ጊዜው ተለይቶ ይከፈላል። ሌላው «ጁዓላ» ነው፤ ይህን ውጤት ላመጣ ይህን ያህል እሰጣለሁ የሚል ቃል ኪዳን ነው። በሻፊዒይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ መዝሀቦች የተፈቀደ ነው። ዑለማዎች መነሻው በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ ሰው የግመል ጭነት እህል እንደሚሰጥ የታወጀበት ታሪክ ነው ይላሉ። ምንጩ ታጥሮ፣ የወንዙ ዳር ሣር ይዞ ሲታይ የሚከፈል ዋጋ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

የሶሓባዎች ታሪክም ይህን ያበረታናል። ሙስሊሞች መዲና በገቡ ጊዜ ጣፋጭ ውኃ ያለው የሩማ ጉድጓድ ነበር። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) በገንዘባቸው ገዝተው ለሁሉም አደረጉት፤ እርሳቸውም ከሌላው ሳይበልጡ እንደማንኛውም ሰው ይቀዱ ነበር። ባለቤቱን በጉልበት አልቀሙትም። ከፈሉት።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ደግሞ የግጦሽ መሬት ከልለው ጠባቂ ሲሾሙ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ እንዳይከለክል አዘዙት። ምክንያቱንም ነገሩት፤ የሀብታሙ ከብት ቢያልቅ ወደ እርሻውና ወደ ተምሩ ይመለሳል፤ የድኻው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ እርሳቸው ይመጣል፤ ሣር መስጠት ደግሞ ወርቅና ብር ከመስጠት ይቀላል። ቡኻሪ የዘገቡት ይህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ መመሪያ ነው። መሬት ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ የእርሱም ኑሮ አብሮ ይታሰባል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የኒው ዮርክ ከተማ ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው ገበሬዎችና ደን ካሉባቸው ሩቅ ተራሮች ነው። ከተማዋ ማጣሪያ ብትሠራ ወጪው ከስድስት ቢሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ ተገምቶ ነበር። በምትኩ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተራሮቹ ነዋሪዎች ጋር ተስማማች። ለገበሬው የፍግ ማከማቻ፣ አጥርና የወንዝ ዳር ተክል ወጪውን ሸፈነች። የወጣው ገንዘብ ከማጣሪያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ሆነ።

«እነርሱ ሀብታም ናቸው» ለሚል ጎረቤታችን ኬንያ አለች። በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ አበባ አምራቾችና ሌሎች ውኃ ተጠቃሚዎች በማኅበራቸው በኩል በላይኛው ተፋሰስ ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች መክፈል ጀመሩ። ክፍያው በዓመት 17 ዶላር ያህል የሚያወጣ፣ ዘርና የእርሻ ዕቃ የሚገዛበት ኩፖን ነበር። ገበሬዎቹም በዳገት ላይ የሣር እርከን ሠሩ፤ ሣሩን ለላሞቻቸው አጨዱት። ብዙዎቹ ከኩፖኑ ይልቅ የጠቀማቸው መኖው ነው። ናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ2015 ለጣና ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ የውኃ ፈንድ አቋቋመች።

በአገራችን በወላይታ ሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጠብቆ አገግሟል። ደኑ ለሚይዘው ካርቦንም በዓለም ባንክ በኩል ክፍያ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ መንግሥት ለኦሮሚያ ደኖች እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ተመሳሳይ ስምምነት ከዓለም ባንክ ጋር ፈርሟል፤ የእኛም ደኖች በዚያ ክልል ናቸው። እነዚህ ክፍያዎች በቀጥታ ለውኃ አይደሉም። ግን «የጠበቀ ይከፈለዋል» የሚለው ሐሳብ በአገራችን ሕግና አሠራር መግባቱን ያሳያሉ።

ቸል ማለት የሚያመጣውን ለማየት ወደ ሐረርጌ እንመልከት። ለሐረር ከተማ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከዙሪያው ታጥቦ በገባ አፈርና ለጫትና ለአትክልት በሚሳብ ውኃ ምክንያት በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከተማዋ ውኃ ከሩቅ፣ በድሬዳዋ አቅጣጫ ካለ ቦታ፣ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ተመልሶ ውኃ መያዙ የአላህ እዝነት ነው። ይሁንና ያ ሁሉ ዓመት ያለፈው የላይኛው ገበሬና የታችኛው ጠጪ አንድ መርከብ ላይ መሆናቸው ሳይታሰብ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ የአገራችን ገበሬ ያለ ክፍያ እርከን ሲሠራ ኖሯል። ይህ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው። የዘመቻው ቀን ሲያልቅ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያው ገበሬ ነው። ውኃውን የሚጠጣው የከተማ ሰው ድርሻ የት አለ?

በእኛ መንደር እንዴት ይጀመር?

በትንሹ እናስላ። ለምሳሌ አርባ ቤተሰብ ከአንድ ጅረት ይቀዳል እንበል። ከላይ አራት ገበሬዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በወንዙ ዳር ሃምሳ ሜትር ርዝመትና አሥር ሜትር ስፋት ያለው መሬት ሳይታረስ ቢተዉ፣ ከሄክታር አንድ ሃያኛ ነው። በሄክታር አርባ ኩንታል በቆሎ ቢገኝ የእያንዳንዱ ጉዳት ሁለት ኩንታል ይሆናል፤ የአራቱ ስምንት ኩንታል። ይህ ለአርባ ቤተሰብ ሲካፈል ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ሃያ ኪሎ በቆሎ ነው! ልጅ በተቅማጥ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ የሚወጣውን የመድኃኒትና የመጓጓዣ ወጪ፣ ከሥራ የሚቀረውንም ቀን አስቡና አወዳድሩት።

አሠራሩ ላይ እነዚህ ይጠበቁ።

አንደኛ፣ የታችኛው መጀመሪያ የራሱን ያጽዳ። የከተማው ቆሻሻ በወንዝ ዳር እየተደፋ ገበሬውን «ወንዝ ጠብቅ» ማለት አያምርም።

ሁለተኛ፣ ውሉ ይጻፍ፤ ምስክር ይኑረው። የጊዜ ቀጠሮ ያለበት ጉዳይ እንዲጻፍ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አዞናል። ስንት እርምጃ፣ እስከ መቼ፣ ምን ይተከላል፣ ማን ያያል፣ መቼ ይከፈላል የሚለው በግልጽ ይስፈር። ድብቅነት ያለበት ውል ጠብ ይወልዳል።

ሦስተኛ፣ ክፍያው ከሁለት ይከፈል። ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ ሥራው ታይቶ በበጋ። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው የታዘዝን ሕዝቦች ነንና መዘግየት አይገባም። ክፍያው ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም፤ እህል፣ የንብ ቀፎ፣ የአቮካዶ ችግኝ፣ የመኖ ሣር ዘር ሊሆን ይችላል። የተተወው መሬት ሣሩም የገበሬው ይሁን።

አራተኛ፣ የገንዘቡ ምንጭ ይለይ። ሶደቃና ወቅፍ ለዚህ ተስማሚ ናቸው፤ ውኃ ከሶደቃ ሁሉ መልካሙ ነውና። ዘካ ግን ባለ መብቶቹ የታወቁ ስለሆነ በውል ክፍያ ውስጥ አይቀላቀል። ገበሬው ድኻ ከሆነ ዘካውን በድኽነቱ ይቀበላል፤ የድካሙን ዋጋ ደግሞ በውሉ።

አምስተኛ፣ የምንጩ ጉዳይ የሁሉም ነው። ከአንድ ምንጭ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም ይቀዳል። ኮሚቴው የሁሉም ይሁን፤ አባ ለጋ ያለበት ቦታ እርሱ ይጠራ። ሴቶች ደግሞ በኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀጥን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ገንዘቡ ሲቆም ጥበቃውም ይቆማል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህም ነው ለገበሬው ራሱ የሚበላ፣ ለከብቱ የሚታጨድ፣ ለገበያው የሚሆን ነገር በወንዙ ዳር እንዲተከል የምንለው። «ከተከፈለው አጅሩ የታለ?» ለሚልም፣ ሙአዚኑ የወር አበል ስለተቀበለ ወደ ሶላት የሚጠራበት ምንዳ አይጠፋበትም። ነገሩ በኒያ ነው። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ወፍም እንስሳም ሲበሉ ሶደቃ እንደሚጻፍለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አብስረዋል። ገበሬው ዋጋውንም ምንዳውንም ሊያገኝ ይችላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ የምንጠጣው ውኃ በማን ማሳ አልፎ ነው የሚመጣው? ስሙን የማታውቁት ከሆነ ከጁሙዓ በኋላ ጠይቁ፤ ሄዳችሁም ሰላም በሉት። ውል ከመጻፉ በፊት መተዋወቅ ይቀድማል።

አላህ ምንጮቻችንን ከመድረቅ፣ ልባችንን ከስስት ይጠብቅልን። አሚን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስከምንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።